ከማይክል ከርቲዝ ፊልሞች የቱን ልይ? ለቅዳሜ ማታ መምረጫ

ባለፈው ሰሞን አንዲት ጓደኛዬ ደወለችልኝ። «ካዛብላንካ»ን ገና አሁን ማየቷ ነው። ተደንቃለች። «የዚህ ሰውዬ ሌላ ጥሩ ፊልም የቱ ነው?» አለችኝ። ቀላል ጥያቄ መስሎኝ ዝርዝሩን ላኩላት። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ መልሳ ደወለች።

«አንዱ የባሕር ወንበዴ፣ አንዱ የማፍያ፣ አንዱ የእናትና የልጅ ጣጣ፣ አንዱ የገና ዘፈን፣ አንዱ ኤልቪስ ፕሪስሊ። ተሳስተህ ነው እንጂ ይሄ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም!»

አልተሳሳትኩም። ሰውየው ማይክል ከርቲዝ ነው። በ1886 ቡዳፔስት ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የመጀመሪያ ፊልሙን በ1912 እዚያው ሀንጋሪ ሠራ። በ1919 አገሩ በአብዮት ስትታመስ ወደ ቪየና ሄደ። ቪየና ላይ ሰው እንደ ጉንዳን የሚርመሰመስባቸው ትልልቅ የብሉይ ኪዳን ፊልሞች ሲሠራ የዋርነር ወንድማማቾች ዓይን ውስጥ ገባ። በ1926 ሆሊውድ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ከዋርነር ግቢ ንቅንቅ አላለም። በ1962 ሲሞት ከጀርባው ከ150 በላይ ፊልሞች ነበሩ። ከ80 የሚበልጡት የዋርነር ናቸው።

አንድ ሰው ይህን ያህል እንዴት ሠራ? የዘመኑ አሠራር እንዲህ ነበር። ዳይሬክተሩ የስቱዲዮው ደሞዝተኛ ነው። ተዋናዩም፣ ካሜራ ያዡም፣ ጸሐፊውም እንደዚያው። ፕሮዲውሰሩ ስክሪፕት ያስይዘዋል። ማንገራገር ይቻላል፤ ብዙ ካንገራገረ ግን ደሞዙ ይታገዳል። አንዱን ፊልም ቀርጾ ሲጨርስ የሚቀጥለው ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ያለቀውን ሌሎች ሰዎች ቆራርጠው ይገጣጥሙለታል። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከርቲዝ በዓመት አራት አምስት ፊልም ያወጣ ነበር።

ሰውየውም ለዚህ የተፈጠረ ነበር። ምሳ የሚባል ነገር አይወድም። ምሳ በልቶ ከሰዓት በኋላ የሚያዛጋ ተዋናይ ሲያይ ይበሽቃል። እንግሊዝኛው እስከ መጨረሻው ድረስ አልተስተካከለም። አንድ ቀን የጦርነት ፊልም እየቀረጸ ሳለ ሰው ያልተቀመጠባቸው ፈረሶች እንዲመጡለት ፈለገና «ባዶ ፈረሶቹን አምጡ!» ብሎ ጮኸ። ተዋናዮቹ በሳቅ ፈረሱ። ተዋናዩ ዴቪድ ኒቨን ቆይቶ ያቺን አባባል የማስታወሻ መጽሐፉ ርዕስ አደረጋት። እኔ ግን ይሄ ቀልድ ገብቶኝ አያውቅም። በአማርኛ «ባዶ ፈረስ» ምን ይላል? ትክክል ነው!

እንግዲህ ከርቲዝን በጉዳዩ መምረጥ አይቻልም። ቋሚ ጉዳይ የለውማ። የሚያስይዙትን ነው የሚሠራው። የእሱ እጅ የሚታየው ሌላ ቦታ ነው። ፍጥነቱ ላይ፣ ጥላው ላይ፣ ካሜራው አንድ ቦታ አልቀመጥም እያለ በሰው መሀል፣ በመስኮት፣ በአጥር ቀዳዳ ሲሽሎከሎክ። ስለዚህ ፊልሞቹን የምመርጥላችሁ በሌላ መንገድ ነው። ከማን ጋር ሆናችሁ ነው የምታዩት? ምን ዓይነት ስሜት ላይ ናችሁ? ሁለት ሁለቱን፣ አንዳንዴም ሦስቱን፣ እያፋጠጥኩ አሳያችኋለሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላንሳ። አብዛኞቹ ጥቁርና ነጭ ናቸው። ንግግሩም ፈጣን ነው። የዋርነር ተዋናዮች እንደ መትረየስ ነው የሚያወሩት። እንግሊዝኛችሁ ጥሩ ቢሆንም ከሥር የሚወጣውን ጽሑፍ ክፈቱት። እኔ ዛሬም እከፍተዋለሁ።

ሰይፍና መርከብ

ከልጆች ጋር ከሆናችሁ ነገሩ ያለቀ ነው። «ሮቢን ሁድ»ን ክፈቱ። የ1938ቱን ማለቴ ነው፤ ኤሮል ፍሊን የሚሠራበትን። 102 ደቂቃ ነው። በቀለም ነው። ቀለሙ ደግሞ እንደ ዛሬው ፈዛዛ አይደለም። አረንጓዴው እንደ ክረምት ሣር፣ ቀዩ እንደ በርበሬ ነው። የ8 ዓመት የወንድሜን ልጅ አስቀምጬ አሳይቼዋለሁ። የ1938 ፊልም መሆኑን አልነገርኩትም፤ እሱም አልጠየቀኝም። መጨረሻ ላይ የጠየቀኝ ቀስት የት እንደሚሸጥ ነው።

ይህን ፊልም የጀመረው ከርቲዝ አይደለም። ዊልያም ኪሊ የሚባል ዳይሬክተር ነበር። ካሊፎርኒያ ውስጥ ቺኮ የምትባል ከተማ መናፈሻ ገብቶ የጫካውን ክፍል ቀረጸ። ስቱዲዮው ግን ሥራው ተጓተተ፣ ጀብዱውም ቀዘቀዘ አለ። ወጪው ወደ 2 ሚሊዮን ዶላር እየተጠጋ ነው። በዚያ ዘመን ዋርነር ለአንድ ፊልም ይህን ያህል አውጥቶ አያውቅም። ከርቲዝን ጠሩት። መጨረሻ ላይ ያለውን የሰይፍ ፍልሚያ ልብ ብላችሁ እዩት። ሁለቱ ሰዎች እየተፋለሙ ከካሜራው ይወጣሉ። ከዚያ የምናየው ትልቁ የድንጋይ ምሰሶ ላይ ያረፈ ጥላቸውን ብቻ ነው። ያች የከርቲዝ ፊርማ ናት።

«ካፒቴን ብለድ» ሦስት ዓመት ይቀድማል። በ1935 የወጣ ነው። ፍሊን ያኔ ማንም የማያውቀው የአውስትራሊያ ልጅ ነበር። ሚናው ለሮበርት ዶናት ተሰጥቶ ሰውየው ሳይመጣ ቀረ፤ ዕድሉ ለፍሊን ወደቀ። ታሪኩ ቆስሎ የመጣ አማፂ በማከሙ ብቻ ወንጀለኛ ተብሎ፣ ለባርነት ተሸጦ፣ በኋላ የባሕር ወንበዴ ስለሚሆን ሐኪም ነው። እንደ ታሪክ ከ«ሮቢን ሁድ» ይሻላል ባይ ነኝ። ሰውየው የሚናደድበት እውነተኛ ምክንያት አለው። ግን ጥቁርና ነጭ ነው፤ ለመሞቅም ጊዜ ይወስዳል። መርከቦቹ አንዳንድ ቦታ መጫወቻ መሆናቸው ያስታውቃል። ከ12 ዓመት በላይ ላለ ልጅ፣ ወይም ለብቻችሁ።

ሦስተኛው «ዘ ሲ ሆክ» ነው፤ የ1940። ያው ፍሊን፣ ያው መርከብ። 127 ደቂቃ ይረዝማል። ልዩ የሚያደርገው የወጣበት ጊዜ ነው። እንግሊዝ ብቻዋን ከሂትለር ጋር ተፋጣለች። ፊልሙ ውስጥ ያለችው ንግሥት ኤልሳቤጥ ስለ ስፔን ንጉሥ የምትናገረው ሁሉ ለሂትለር የተላከ ነው። ታሪክ ለሚወድ ሰው ጥሩ ነው። ለሌላው ሰው ሁለቱ በቂ ናቸው።

ወንጀል ሲያምራችሁ

እዚህ ላይ ምርጫው ይከብዳል። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ።

«ኤንጅልስ ዊዝ ደርቲ ፌስስ» በ1938 የወጣ ነው። «ፊታቸው የቆሸሸ መላእክት» ብንለው ያስኬዳል። ሁለት የሰፈር ልጆች ባቡር ላይ ሊሰርቁ ሲሉ ፖሊስ ይደርስባቸዋል። አንዱ ሮጦ ያመልጣል። አንዱ ይያዛል። ያመለጠው ቄስ ይሆናል። የተያዘው የታወቀ ወንበዴ ይሆናል። ከዓመታት በኋላ እዚያው ሰፈር ይገናኛሉ። የሰፈሩ ልጆች ቄሱን ሳይሆን ወንበዴውን ነው የሚያመልኩት።

ወንበዴውን የሚሠራው ጄምስ ካግኒ ነው። አጭር ሰው ነው፤ ግን ካሜራው ውስጥ ሲገባ ሌላ ሰው አይታያችሁም። ትከሻውን የሚያወዛውዛት ነገር አለች፤ አይታችሁ ሳትኮርጇት አታድሩም። ሀምፍሪ ቦጋርትም አለ። ያኔ ገና ትልቅ አልሆነም፤ ፈሪና ከሃዲ ጠበቃ ሆኖ ይሠራል። መጨረሻውን አልነግራችሁም። ካግኒ አንድ ነገር ያደርጋል፤ ከልቡ ነው ወይስ ሆን ብሎ? ከርቲዝ ፊቱን ሳይሆን ጥላውንና እጁን ያሳየናል። እኔና ወንድሜ በዚህ ጉዳይ እስካሁን አልተስማማንም። 97 ደቂቃ ብቻ ነው። አንድም የሚጣል ደቂቃ የለውም።

«ሚልድረድ ፒርስ» ደግሞ በ1945 መጣ። ባሏ የተለያት ሴት ሁለት ልጆች ይዛ ትቀራለች። አስተናጋጅ ሆና ትቀጠራለች። ማታ ማታ ኬክ እየጋገረች ትሸጣለች። ቀስ በቀስ ምግብ ቤት ትከፍታለች፤ ከዚያም ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ይህን ሁሉ የምትሠራው ለትልቋ ልጇ ለቪዳ ነው። ቪዳ ግን በእናቷ ታፍራለች። የእናቷ ልብስ ላይ ያለው የዘይት ሽታ ያስጠላታል። የእናቷ ገንዘብ ግን አያስጠላትም!

ይህን ፊልም ከእናቴ ጋር ነው ያየሁት። ስህተት ነበር። ወይም ትክክል ነበር፤ እኔ እንጃ። በየመሀሉ «እህ!» ትላለች። ልጅን ከመጠን በላይ ማሞላቀቅ ምን እንደሚያመጣ ለማወቅ ፊልም አላስፈለጋትም። ጎረቤታችንን በስም ጠርታ አነጻጸረችልኝ።

በወንጀል ፊልም ሥር ያስቀመጥኩት ተኩስ ስለሚከፍተው ነው። ባሕር ዳር ያለ ቤት፣ ሌሊት፣ ሽጉጥ ይተኮሳል፣ አንድ ሰው ይወድቃል። ማን ገደለው? ፊልሙ ወደ ኋላ ተመልሶ ይተርካል። ጄምስ ኬን በጻፈው ልብ ወለድ ውስጥ ግን ግድያ የሚባል ነገር የለም። ስቱዲዮው ነው የጨመረው። እኔ ተሳክቶላቸዋል እላለሁ። ያ ግድያ ባይኖር ፊልሙ ለቅሶ ብቻ ይሆን ነበር።

ከጀርባው ያለው ታሪክም አይናቅም። ጆአን ክራውፎርድ ለ18 ዓመት የሠራችበትን ኤምጂኤም የተባለ ስቱዲዮ ለቃ፣ አበቃላት ሲሏት ነው ወደ ዋርነር የመጣችው። ከርቲዝ አልፈልጋትም ብሎ ነበር። ትከሻዋ ሰፍቶ በሚታይበት አለባበሷ ሁሉ ይነታረክ ነበር። ይህች ትልቅ ኮከብ እንደ ጀማሪ ለሙከራ ቀረጻ ቆመች። አሳመነችው። በ1946 የኦስካር ምሽት ታምሜያለሁ ብላ ቤቷ ቀረች። አሸነፈች። ሽልማቱን የተቀበለላት ማን ነው? ያ አልፈልጋትም ያለው ሰውዬ።

እንግዲህ ምረጡ። ከጓደኛ ጋር ሆናችሁ ተከራክራችሁ ማምሸት ከፈለጋችሁ ካግኒን። ቤት ውስጥ ሁለት ትውልድ ካለና ትንሽ መወጋጋት ካላስፈራችሁ ክራውፎርድን።

ሪክ ወይስ ሃሪ?

አሁን ወደ ዋናው መጣን።

«ካዛብላንካ»ን ያላየ ካለ፣ ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ጊዜው ታኅሣሥ 1941 ነው። ከናዚ የሸሸ ሰው ሁሉ ሞሮኮ ካዛብላንካ ደርሶ ተቀርቅሯል። ወደ ሊዝበን፣ ከዚያም ወደ አሜሪካ ለመሻገር የመውጫ ቪዛ ያስፈልጋል። ቪዛው ደግሞ በገንዘብ፣ በትውውቅ፣ አንዳንዴም ከዚያ በባሰ ነገር ነው የሚገኘው። ሪክ የሚባል አሜሪካዊ እዚያ ቡና ቤት አለው። ስለማንም አያገባኝም ይላል። አንድ ማታ የድሮ ፍቅረኛው ከባሏ ጋር ትገባለች።

ካርቱም ወይም ናይሮቢ ተቀምጦ ወረቀት የጠበቀ ሰው ይህን ፊልም ከማንም ፈረንጅ በላይ ያውቀዋል። «ነገ ይደርሳል» መባል፣ አውሮፕላን ሲነሳ አንጋጦ ማየት፣ የወርቅ ሐብል በርካሽ መሸጥ፤ ሁሉም አለ።

ለእኛ ደግሞ ሌላ ነገር አለበት። ብዙ ሰው ሳያስተውላት ያልፋል። ፖሊስ አዛዡ ሬኖ ሪክ እንደሚያስመስለው ግድ የለሽ አለመሆኑን ሊያሳየው ፋይሉን ይጠቅስለታል። በ1935 ወደ ኢትዮጵያ መሣሪያ በድብቅ አስገብተሃል፣ በ1936 ደግሞ ስፔን ውስጥ ከሪፐብሊኩ ወገን ሆነህ ተዋግተሃል ይለዋል። ሪክ ሁለቱንም ጊዜ ጥሩ ተከፍሎኛል ብሎ ሊያልፈው ይሞክራል። ሬኖ አይለቀውም። አሸናፊዎቹ የበለጠ ይከፍሉህ ነበር ይለዋል።

1935 ማለት በእኛ 1928 ነው፤ የማይጨው ዘመን። ብሪታኒያና ፈረንሳይ ለኢትዮጵያ መሣሪያ እንዳይሸጥ ከልክለው ነበር። ክልከላው ለሁለቱም ወገን ነው ቢባልም፣ ጣልያን የራሷ ፋብሪካ ነበራት። የተጎዳነው እኛ ነን። ስለዚህ ሪክ ያኔ ለእኛ ጠመንጃ ሲያሾልክ ከነበረ፣ ሥራው ኮንትሮባንድ ብቻ አይደለም። በ1942 ለነበረ ተመልካች የአገራችን ስም ብቻውን በቂ ነበር። ይህ ሰው ከተበደለው ወገን የሚቆም ሰው ነው ማለት ነው። መጀመሪያ ያየሁት ጊዜ ያችን ቦታ መልሼ ሦስት ጊዜ ሰማኋት። ፊልሙ ውስጥ ቶኔሊ የሚባል የጣልያን መኮንንም አለ፤ ሰላምታ ሲሰጥ የሚመልስለት የለም። ከርቲዝ ያለ ርህራሄ ያሾፍበታል። ደስ ይላል።

ተዋናዮቹ ራሳቸው ስደተኞች ነበሩ። የናዚውን መኮንን የሚሠራው ኮንራድ ፋይት ጀርመናዊ ነው፤ ሚስቱ አይሁድ ስለሆነች ከሂትለር ሸሽቶ የወጣ። ፒተር ሎሬም ከጀርመን የሸሸ ነው። የቁማሩን ጠረጴዛ የሚመራው ማርሴል ዳልዮ ከፓሪስ አምልጦ የመጣ ነው። ወፍራሙ አስተናጋጅ እንደ ከርቲዝ ሀንጋሪያዊ ነው። ሰዎቹ የፈረንሳይን መዝሙር ሲዘምሩ የሚታየው እንባ የትወና ብቻ አይደለም። ስቱዲዮው ግን ሌላ ተራ ፊልም እየሠራሁ ነው ብሎ ነበር የሚያስበው። ቀረጻው ሲጀመር ስክሪፕቱ እንኳ አላለቀም። ከዚያ ምርጥ ፊልም፣ ምርጥ ዳይሬክተር፣ ምርጥ ስክሪፕት ተብሎ ሦስት ኦስካር ወሰደ።

እንከን የለውም? አለው። ሞሮኮ ላይ የሚሆን ታሪክ ነው፤ ሞሮኳውያኑ ግን በር ከፋችና ነጋዴ ሆነው ከኋላ ያልፋሉ እንጂ ታሪክ የላቸውም። ፒያኖ የሚጫወተው ሳም ጥሩ ሰው ነው፤ ግን ሕይወቱ ሪክ ነው፤ ከሪክ ውጭ ቤትና ቤተሰብ ያለው አይመስልም።

ለዚህ መልስ የሚሰጠው፣ የሚገርመው፣ ራሱ ከርቲዝ ነው። ከስምንት ዓመት በኋላ።

«ዘ ብሬኪንግ ፖይንት» በ1950 ወጣ። ከሄሚንግዌይ ልብ ወለድ የተወሰደ ነው። ያንኑ ልብ ወለድ ሃዋርድ ሆክስ በ1944 ከቦጋርትና ከሎረን ባኮል ጋር ሠርቶታል፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ያንን ነው። የከርቲዝ ግን ለመጽሐፉ ምሬት የበለጠ ይቀርባል። ሃሪ ሞርጋን ካሊፎርኒያ ውስጥ ትንሽ ጀልባ አለው። ዓሣ ማጥመድ ለሚፈልጉ ሀብታሞች ያከራያል። ሚስትና ሁለት ሴት ልጆች አሉት። የጀልባው ዕዳ አለበት። ኪሱ ባዶ ነው። አንድ ደንበኛ ሳይከፍለው ይጠፋል። ያኔ ከሜክሲኮ ሰዎችን በድብቅ የማሻገር ሥራ ይቀርብለታል። ከዚያ የባሰም ይከተላል። በጀልባ ሰው የማሻገር ንግድ ለኛ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ሃሪን የሚሠራው ጆን ጋርፊልድ ነው። ፊቱ የደከመ ሰው ፊት ነው። ያን ዓመት ስሙ ኮሚኒስት ናቸው በተባሉ ሰዎች ዝርዝር ወጣ። ስቱዲዮው ፊልሙን እንደሚገባው አላስተዋወቀውም። ጋርፊልድ በ1952 በ39 ዓመቱ ሞተ። ፊልሙም ለረጅም ጊዜ ተረስቶ ኖረ።

ሃሪ ከአንድ ጥቁር ሰው ጋር ነው የሚሠራው፤ ዌስሊ ይባላል። የሚሠራው ሁዋኖ ኸርናንዴዝ ነው። ዌስሊ አያጅብም፣ አይዘፍንም። ባልደረባ ነው። ልጅ አለው፤ ልጁን ትምህርት ቤት ያደርሳል። ስህተት ሲያይ ስህተት ነው ይላል። በ1950 ሆሊውድ ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ፊልሙ የሚያልቅበት የመጨረሻው ምስል ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። አልናገርም። ፊልሙ አለቀ ብላችሁ ሪሞቱን አታንሱ ብቻ።

ሁለቱን ሳወዳድር እንዲህ ነው የሚታየኝ። ሪክ የቤት ኪራይ የለበትም። ሚስት የለችውም። ጥሩ ሰው ለመሆን ሲወስን የሚያጣው ፍቅሩን ነው፤ ያም ሲያዩት ያምራል። ሃሪ ግን ወደ ቤቱ ሲገባ ሚስቱን ማታ ተቀምጣ ልብስ እየሰፋች ያገኛታል። ጥሩ መሆንም መጥፎ መሆንም ገንዘብ ያስወጣዋል። «ካዛብላንካ»ን ሰው ሲበዛ፣ በዓል ላይ፣ ወይን ተከፍቶ ማየት ይቻላል። ሌላውን ለብቻ ነው። ወይም ደሞዝ ሳይደርስ ወሩ ካለቀበት ጓደኛ ጋር።

የትኛው ይሻላል የሚለኝ ሰው አይጠፋም። በጥራት «ካዛብላንካ» ይበልጣል ማለት የተለመደ ነው፤ አልከራከርም። ልቤ ያለው ግን ከጀልባው ጋር ነው።

ዘፈን ያለበት

እዚህ ላይ አልቆይም። «ያንኪ ዱድል ዳንዲ» የ1942 ነው። ወንበዴው ካግኒ ይዘፍናል፣ ይደንሳል፤ ምርጥ ተዋናይ ተብሎ ኦስካር የወሰደበትም ይኸው ነው። ደረጃ እየወረደ የሚደንስባት ቦታ አለች፤ ለሷ ሲባል ፊልሙን ማየት ይቻላል። የቀረው የአሜሪካ ባንዲራ ነው። ማስጠንቀቂያም አለኝ። ነጮች ፊታቸውን ጥቁር ቀብተው የሚጫወቱበት ትዕይንት ድንገት ይመጣል። ከልጆች ጋር ከሆናችሁ ቀድማችሁ እወቁት።

«ኋይት ክሪስማስ» በ1954 ለፓራማውንት የሠራው ነው፤ ከዋርነር ከወጣ በኋላ። ቢንግ ክሮስቢ፣ ዳኒ ኬይ፣ ቀይ ልብስ፣ በረዶ። ያን ዓመት አሜሪካ ውስጥ በገቢ አንደኛ የወጣ ነው። ታሪኩ እንደ ጥጥ ከረሜላ ነው፤ አፍ ውስጥ ይቀልጣል። ውጭ የምትኖሩ፣ ታኅሣሥ 25 ሥራ ተዘግቶ የእኛ ገና ገና ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ያችን መሀል ለመሙላት ጥሩ ነው። ከከርቲዝ ጋር ለመተዋወቅ ግን አይሆንም። እሱን እዚያ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁትም።

ኤልቪስ ያለበት «ኪንግ ክሪዮል» የ1958 ነው። ሰው ከሚያስበው በላይ ጥሩ ነው። የኤልቪስን ፊልም ለሚንቅ ሰው አሳዩት።

የማልመክራችሁ

«ሳንታ ፌ ትሬይል»ን ተዉት። የ1940 ነው። ባርነትን በመሣሪያ የታገለውን ጆን ብራውንን እንደ እብድ ያሳያል፤ ባሮቹ ደግሞ ነጻ መውጣት እንዳልፈለጉ። ሮናልድ ሬገን አለበት፤ እሱም አያድነውም።

«ዘ ቻርጅ ኦፍ ዘ ላይት ብሪጌድ» የ1936 ነው። መጨረሻ ላይ ያለው የፈረሰኞች ግስገሳ ዓይን ያስፈጥጣል። ግን ፈረሶቹ እንዲወድቁ መሬት ላይ ሽቦ ተወጥሮ ነበር፤ ብዙዎቹ ሞተዋል። ያቺ «ባዶ ፈረሶች» የተባለችበት ቀረጻ ይኸው ነው። ይህን ካወቅኩ በኋላ እንደ በፊቱ ማየት አልቻልኩም። ከርቲዝ ለሥራው ሲል ለሰውም ለእንስሳም ጨካኝ ነበር። ፍሊን በኋላ አብሮት አልሠራም እስከማለት ደርሷል።

«ሚሽን ቱ ሞስኮ» ደግሞ የ1943 ነው። አሜሪካና ሶቪየት ወዳጅ በነበሩባት አጭር ጊዜ ስታሊንን ሲያሞካሽ የተሠራ። የደርግን ዘመን የፕሮፓጋንዳ ፊልሞች የሚያስታውስ ሰው ከሳቀ ይስቅበታል። ሌላ ጥቅም አላየሁበትም።

ለጓደኛዬ ምን አልኳት? «ካዛብላንካ»ን አይታለች። ብቻዋን ነው የምትኖረው። ፊልም ላይ ማልቀስ አትፈራም። ስለዚህ ጀልባውን ላክሁላት። «መጀመሪያ ካግኒን እይ፣ እሱ ከዚህ ይቀላል» ብያትም ነበር፤ አልሰማችኝም።

ቅዳሜ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ደህና አመሸህ እንኳ አላለችኝም።

«ያ ልጅስ?» አለች። «ለሱ የሚነግረው ሰው የለም?»